ተራዎ ነው፣ አባባ

ቶሮንቶ ውስጥ ከአገር ቤት እንግዳ የተቀበለ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀላል ናቸው። 553 ሜትር ከፍታ ያለው ሲኤን ታወር ላይ ይወጣል። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ የናያግራ ፏፏቴ ይታያል። በጀልባ ወደ ቶሮንቶ ደሴቶች ይኬዳል። ዳንፎርዝ ላይ፣ ግሪንዉድ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ክትፎ ይበላል፤ ፎቶ ተነሥቶ ለዘመድ ሁሉ ይላካል። ከዚያስ? እንግዳው የሚቆየው ለወራት ነው፤ እኛ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሥራ እንገባለን።

አባቴ ባለፈው ዓመት በሰኔ ከደብረ ማርቆስ መጡ። 74 ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ካናዳ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አገር ቤት ሄጄ ያገኘኋቸው። እህቴ እዚሁ ቶሮንቶ ወልዳ ያሳደገቻት የ9 ዓመት ልጅ አለቻት። አባቴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ለማየት አይደለም። እሷን ለማየት ነው።

አያትና የልጅ ልጅ ከዚያ በፊት የሚተዋወቁት በስልክ ነበር። ንግግራቸውን አብዛኞቻችሁ በቃል ታውቁታላችሁ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ።» ከዚያ ዝም ይባላል፤ ስልኩ ወደሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። ልጅቷ አማርኛ ጨርሶ አትሰማም ማለት አይደለም። «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «ዝም በዪ» የሚሉትን አሳምራ ታውቃለች። ውጭ አገር ያለን ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች ለልጆች በአማርኛ የምንናገረው ትእዛዝ ብቻ ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ወሬውን በእንግሊዝኛ እናደርገዋለን። ስለዚህ ልጆቹ መታዘዝ ይችላሉ፣ ማውራት ግን አይችሉም።

ቀኑን ሙሉ አባቴ 14ኛ ፎቅ ላይ ካለው የእህቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው መኪና ይቆጥሩ ነበር። ማጋነን አይደለም፤ ማታ ስንገባ ቁጥሩን ይነግሩናል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አቅፋ ትስማቸውና ወደ ክፍሏ ትገባለች። በአራተኛው ሳምንት እራት ላይ አባቴ ረጋ ብለው «የመመለሻዬን ቀን ማቅረብ ይቻል ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። እህቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ልክ እንደ ሥራዬ አንድ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ በኩል አባቴ፣ በሌላ በኩል ልጅቷ፤ ሁለቱም አብረው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ምንድን ነው? ዋና፦ አባቴ በዚህ ዕድሜያቸው ልብስ አያወልቁም። ሲኒማ፦ በእንግሊዝኛ ነው። ቦውሊንግ፦ ኳሱ ለትከሻቸው ይከብዳል። የመዝናኛ ፓርክ፦ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተገልብጦ እንዲሽከረከር አልፈቅድም። እግር ኳስ፦ ጉልበት። ገበጣ አስቤ ነበር፤ ልጅቷ ግን አስር ደቂቃ ቁጭ ማለት አትችልም። ሠንጠረዡን አጠገቤ የሚቀመጥ የሥራ ባልደረባዬ አየና «ሚኒ ጎልፍስ?» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ሄድን።

ሚኒ ጎልፍን ለማታውቁ ባጭሩ ልግለጽ። ሜዳው ብዙ ጊዜ 18 ትንንሽ መንገዶች አሉት። እያንዳንዱ መንገድ በሰው ሠራሽ ሣር ተሸፍኖ ዳሩ በእንጨት፣ በጡብ ወይም በድንጋይ ይታጠራል። መጨረሻው ላይ ጉድጓድ አለ። ኳሷን ከመነሻው በዱላ እየመታችሁ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ጉድጓዱ ውስጥ ትከታላችሁ። መሐል ላይ መሰናክል ይጠብቃችኋል፤ ድልድይ፣ ዋሻ፣ ጉብታ፣ አንዳንዴም የሚሽከረከር የነፋስ ወፍጮ። የሚያሸንፈው ትንሽ ቁጥር ያለው ነው። አባቴ ይህን ስነግራቸው «በሕይወቴ ትንሽ ያገኘ ሲሸለም ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ጎልፍ ሲባል እሳቸው የሚያስታውሱት አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ያለውን ጎልፍ ክለብ ነው። የኤምባሲ ሰዎችና የባለሀብቶች ጨዋታ። ከዚያ በፊት በምድር ባቡር ስንሄድ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ አጠገብ ያለውን ዴንቶኒያ ፓርክ የሚባለውን ሜዳ አሳይቻቸው ነበር። 18 አጫጭር ጉድጓዶች ያሉት፣ ከተማው የሚያስተዳድረው እውነተኛ የጎልፍ ሜዳ ነው። «ይህ ሁሉ ሣር ከብት አይገባበትም?» ነበር ያሉት። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ ብዙም ተስፋ አላደረግሁም።

ዱላውን የሚሰጠው ወጣት በቁመታቸው ልክ መርጦ ሰጣቸው። ተቀበሉት፣ መዘኑት፣ ገለበጡት። «ይኸማ ከዘራ ነው» አሉ። «አናቱን ወደ ታች ያደረጉት ከዘራ።» ከዚያ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝና ሁለት እጃቸውን ዱላው ላይ አንድ በአንድ አስቀመጡ። እግራቸውን ከፈት አደረጉ። ጎንበስ አሉ። እንደዚያ ቆመው አይቻቸው አላውቅም። ሒሳብ መምህርም፣ ጡረተኛም አይመስሉም ነበር።

የገና ጨዋታ አቋቋም ነበር።

ገና የሚለው ስም ለበዓሉም ለጨዋታውም ነው። ከአውሮፓውያኑ ገና በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ በ28 የሚከበረውን የልደት በዓል ተከትሎ ጎበዞች ሜዳ ላይ ወጥተው በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር የምትባል ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይመታሉ። ሩሯ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ትሠራለች። ልደትን ሲሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት ጨዋታ ነው ተብሎ ይተረካል። ሜዳው ልክ የለውም። ዳኛውም እንዲሁ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጫወታሉ፤ ጌታም ቢመታ አይቆጣም ይባላል። ከሜዳ ሆኪ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ፤ እኔ ግን እዚህ አገር ካደግሁት የእህቴ ልጅ ጓደኞች ጋር ሳወራ የበረዶ ሆኪ ብዬ ነው የማስረዳው፣ ቶሎ ይገባቸዋል።

አባቴ የመጀመሪያዋን ኳስ እንደ ሩር መቷት። አጥሩን ዘልላ፣ ሁለት መንገድ አቋርጣ፣ ሰው ሠራሹ ፏፏቴ ውስጥ ገባች። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ሳቀች። አያቷም ሳቁ። በአራት ሳምንት ውስጥ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ ትንሽ ልበል፤ ይህን ገጽ የምታነቡት ብዙዎቻችሁ ቋንቋውን እየተማራችሁ ነውና ይጠቅማችሁ ይሆናል።

እንግሊዝኛ አንድ ትእዛዝ ለሁሉም ይበቃዋል። አማርኛ ግን «ምታ» ከማለቱ በፊት ማንን እንደሚያዝ መወሰን አለበት። ለእኔ «ምታ»፣ ለልጅቷ «ምቺ»፣ ለአባቴ «ይምቱ»። «ቀስ በል»፣ «ቀስ በይ»፣ «ቀስ ይበሉ»። «ተራህ ነው»፣ «ተራሽ ነው»፣ «ተራዎ ነው»። ይህን መጽሐፍ ላይ በሠንጠረዥ ስታዩት አሰልቺ ነው። ሚኒ ጎልፍ ላይ ግን ሦስት ሰው በየተራው ይመታል፤ 18 ጉድጓድ በ3 ሰው ሲባዛ በትንሹ 54 ጊዜ አንዱ ለሌላው ተራው መድረሱን ይነግረዋል። እንዲህ ብዙ ድግግሞሽ ያለው የቋንቋ ትምህርት የትም አላየሁም፤ ደግሞም ማንም ትምህርት ብሎ አይጠራውም።

መጀመሪያ ላይ ልጅቷ «አባባ፣ ምታ!» ትላቸው ነበር። ቤት ውስጥ የሰማችው ያንን ነው፤ እናቷ ለወንድሟ የምትለውን። አባቴ አላረሟትም። የቀድሞ መምህር ናቸውና ሌላ ዘዴ ነበራቸው። አራተኛው ጉድጓድ ላይ «አባባ፣ ምታ!» ስትል ወደ እኔ ዞር ብለው «ስማ፣ አንተን ነው የምትልህ» አሉኝ። ገባኝና መታሁ። ልጅቷ ተቆጣች፤ «ኖ! አባባ ነው!» እሳቸውም ዱላቸውን ተደግፈው «እኔን ከሆነማ እንዴት ነበር የሚባለው?» አሏት። ነገርኳት። «ይ… ምቱ?» አለች። መቱ። ከዚያ በኋላ በተሳሳተች ቁጥር ተራቸውን ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔም ያለ ተራዬ እመታና ነጥቤ ይበላሻል። በሦስተኛው ጉዞ፣ ማንም ሳያስታውሳት፣ ከኋላቸው ቆማ «ተራዎ ነው፣ አባባ» አለች። አባቴ ወዲያው አልመቱም። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ መቱ፤ ኳሷም ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመች።

«ለጥቂት!» አለች ልጅቷ።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። ኳስ ወደ ጉድጓድ ደርሳ ስትቀር፣ አውቶቡስ ሲያመልጣችሁ፣ ብርጭቆ ወድቆ ሳይሰበር ሲቀር፣ «ለጥቂት» ትላላችሁ። ሚኒ ጎልፍ የለጥቂት ጨዋታ ነው። «ጎሽ» ደግሞ ላሳካ ሰው ነው። «አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎ» ላልተሳካለት። ለዚህ ለመጨረሻው እንግሊዝኛ ውስጥ ልኩ ያለ ቃል አጥቻለሁ፤ ልጅቷም አጥታ ይመስለኛል፣ አሁን ከካናዳዊ ጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ሳይቀር «አይዞሽ» ትላለች። አባቴ በበኩላቸው ከእሷ የተማሩት «ናይስ ትራይ» የሚለውን ነው። በቀልድ ይጠቀሙበታል። አንድ ቀን እህቴ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ስታቀርብ እንጀራውን አገላብጠው አዩና «ናይስ ትራይ» አሉ።

ስለ ጨዋታው ታሪክ ያነበብኩትን ለአባቴ ነግሬያቸው ወደዱት፤ እናንተም ትወዱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1867 ስኮትላንድ ውስጥ፣ የጎልፍ አገር በምትባለው በሴንት አንድሩስ፣ የሴቶች ክለብ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ሴት ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ መምታቷ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ስለዚህ ኳስ በቀስታ ብቻ የሚገፋበት፣ ጉብታና ስርጉድ የበዛበት ትንሽ ሜዳ ተሰጣቸው። ሜዳው ሂማሊያስ ይባላል፤ ዛሬም አለ። ማለትም ትንሹ ጎልፍ የመጣው ከትልቁ ከተከለከሉት ሰዎች ነው።

ቀጥሎ የመጣው የሣር ችግር ነበር። እውነተኛ ሣር በየቀኑ ይታጨዳል፣ ይጠጣል፣ ይረገጣል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፌርቤርን የተባለ የጥጥ ገበሬ የጥጥ ፍሬ ገለባ ከአሸዋ፣ ከዘይትና ከቀለም ጋር ደባልቆ ኳስ የሚንከባለልበት ወለል ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋርኔት ካርተር የተባለ አሜሪካዊ ሉካውት ማውንቴን በሚባል ተራራ ላይ፣ በሆቴሉ ግቢ፣ «ቶም ተምብ» ብሎ የሰየመውን ሜዳ ከፈተና አሠራሩን በየከተማው ሸጠ። በ1930 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 25,000 ያህል ሜዳዎች እንደ ነበሩ ይገመታል። ኒው ዮርክ ውስጥ ከ150 በላይ የሚሆኑት በሕንፃ ጣሪያ ላይ ነበሩ። ልብ በሉ፣ ጊዜው ኢኮኖሚው የወደቀበት፣ ሰው ሥራ ያጣበት ነው። ጥቂት ሳንቲም ይዞ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ሰዓት የሚያሳልፍበት ቦታ ፈለገ። ያ እብደት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በረደ፤ ጨዋታው ግን ተረፈ። በ1954 ዶን ክሌይተን የሚባል ሰው በኖርዝ ካሮላይና መሰናክሉን ቀንሶ፣ ሁሉም ጉድጓድ በሁለት ምት እንዲያልቅ አድርጎ ፑት ፑት የተባለውን ዓይነት ጀመረ። በዚያው ዓመት ፓውል ቦንኚ የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው አስኮና ውስጥ ልኩ የተወሰነ ባለ 18 መንገድ ሜዳ ከፈተ። ዛሬ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አለው፤ ሕጉም በስድስት ምት ያልገባላችሁ ሰባት ተጽፎላችሁ ወደ ቀጣዩ እንድታልፉ ያዛል። የስድስቱን ሕግ አጥብቃችሁ ያዙ። ልጅ ካላችሁ ከለቅሶ ያድናችኋል።

አባቴ ግን ከታሪኩ ይልቅ ማዕዘኑን ነው የወደዱት። ኳስ ግድግዳ ስትመታ፣ በግምት፣ በመጣችበት ማዕዘን ልክ ትመለሳለች። ከረንቡላ የሚጫወት ሁሉ ይህን ያውቃል። የነጥብ መጻፊያውን ወረቀት ገልብጠው በእርሳስ መንገዱን ሣሉ፤ ግድግዳውን እንደ መስታወት አስቢው፣ ጉድጓዱ ከመስታወቱ ጀርባ ቢታይሽ ወደዚያ ነበር የምትመቺው አሏት። እኔ ተረጎምኩ። በሚቀጥለው መንገድ ላይ ልጅቷ ግድግዳውን መትታ ጥጉን አለፈች። ሌላው ምስጢር ኃይል ነው። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥ ብላ በመካከሉ የምትመጣ ኳስ እንኳ በሴኮንድ ከ1.6 ሜትር ገደማ በላይ ከፈጠነች ዘልላው ታልፋለች። ይህ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። ስለዚህ 74 ዓመት ሲሆናችሁ ጉልበታችሁ መድከሙ እዚህ ጨዋታ ላይ ጉዳት የለውም። አባቴ በሐምሌ መጨረሻ አሸነፉኝ። 18 ጉድጓድ፣ እሳቸው 52፣ ልጅቷ 55፣ እኔ 58። ውጤቱን የሚደምሩት እሳቸው ናቸው፤ ድምሩን ጮክ ብላ በአማርኛ የምታነበው እሷ ናት። «አምሳ… ስምንት» ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ ጨዋታ ግን ከሁሉ የምወደው ጥበቃውን ነው። ከፊታችሁ ሌላ ቤተሰብ ይጫወታል፤ እስኪጨርሱ ትቆማላችሁ። ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ስልክ ለማውጣት ያጥራል፤ ዝም ለማለት ደግሞ ይረዝማል። እንደዚያ ቆመን ሳለ ልጅቷ አያቷ ዱላ አያያዝ የት እንደተማሩ ጠየቀችኝ። ጠየቅኋቸው። የግራ እግር ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉና ቅልጥማቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩን። ያንን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ጠይቄ አላውቅም። በገና ጨዋታ ታላቅ ወንድማቸው ሩሯን ሲስት የመታው የእሳቸውን እግር ነበር። ደሙን ያዩት እናታቸው ወንድምየውን ሊገርፉ ሲነሡ፣ «በገና ቀን የተመታ አይከስም» ብለው አባቴ ራሳቸው አስጣሉት። እኚያ ወንድማቸው እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። ስማቸውን አውቃለሁ፤ እንደ ንፋስ ሯጭ እንደ ነበሩና በግራ እጃቸው እንደሚመቱ ያወቅሁት ግን ቶሮንቶ ዳርቻ፣ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ቆሜ፣ ለአንዲት ልጅ ስተረጉም ነው። እሷም ግራ እጅ ናት። አባቴ ይህን አስተውለው ኖሮ «ዱላውን ስትይዝ ደንግጬ ነበር» አሉኝ፤ ይህንን አልተረጎምኩላትም፣ ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። እዚህ የውጭ ሜዳዎች የሚከፈቱት ብዙውን ጊዜ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። አረጋውያን ካሉ ጠዋት ሂዱ፤ ፀሐዩም ሰልፉም ይቀላል። ባርኔጣና ውኃ ያዙ። ነጥቡን የሚይዘው ትልቁ ሰው ይሁን፤ ክብርም ነው፣ ሥራም ይሆናቸዋል። ከኋላችሁ የሚቸኩል ቡድን ካለ አሳልፉት፤ እናንተ የመጣችሁት ልትቆዩ ነው። መኪና የሌላችሁ፣ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በቲቲሲ በነፃ እንደሚሳፈሩ አትርሱ። ክረምት ሲገባ በጨለማ ክፍል በሚያበራ ቀለም የተሠሩ የቤት ውስጥ ሜዳዎች አሉ። አንድ ጊዜ ሄድን፤ ልጅቷ ወደደችው፣ አባቴ ግን «ጨለማ ውስጥ ኳስ የሚፈልግ ኳሱ የጠፋበት ሰው ነው» ብለው ዳግመኛ አልተመለሱም። ናያግራ ከሄዳችሁ ደግሞ ክሊፍተን ሂል ላይ በትልልቅ ዳይኖሰሮች መካከል የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። በነሐሴ ሁለተኛ እንግዳ ይዘን ስንሄድ አባቴ ፏፏቴውን በአክብሮት አሥር ደቂቃ ያህል ተመለከቱትና «እንግዲህ እናንተ እዩ» ብለው ልጅቷን ይዘው ወደ ዳይኖሰሮቹ ወጡ። ያለ አስተርጓሚ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አይስክሬም እየበሉ ተመለሱ።

ስለ ትኬቱ ከዚያ እራት በኋላ ማንም አላነሣም። አባቴ በኅዳር፣ በተቆረጠው ቀናቸው ተመለሱ። በመጨረሻው ቅዳሜ ብርድ ስለ ነበር ከኮታቸው በላይ ጋቢ ደርበው ተጫወቱ፤ ዱላ የሚሰጠው ወጣት ጋቢውን የት እንደሚገዛ ጠየቃቸው። የአስራ አንድ ጨዋታ የነጥብ ወረቀቶችን ከፓስፖርታቸው ጋር አድርገው ይዘው ሄዱ።

የልጅቷ አማርኛ ተአምር አልሆነም። አሁንም ግሱን መሐል ላይ ትሰብረዋለች፤ ስትቸኩል ሁላችንንም «አንተ» ትላለች፣ እናቷን ሳይቀር። የእሑዱ የስልክ ጥሪ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በጥር ወር አባቴ ሲደውሉ ስልኩን ወደ ግቢያቸው አዞሩት። ባዶ የቲማቲም ጣሳዎች መሬት ውስጥ እስከ አፋቸው ተቀብረዋል። ዘጠኝ ናቸው። የሰፈር ልጆች ቆልማማ እንጨት ይዘው ከኋላ ይታያሉ። አባቴ አራተኛው ጉድጓድ ችግር እንዳለበት አስረዱ፤ መንገዱ ጌሾው ሥር ያልፋል፣ ኳሱም ሥሩ ላይ እየተያዘ ልጆቹ ይጣላሉ። ሦስት ምት ይበቃዋል ወይስ አራት ይፈቀድ?

ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ቆይ፣ አባባ፣ ቆይ… ይቆዩ» አለች። «ጌሾ ምንድን ነው?»

አባቴ ቅጠሉን ሊያሳዩዋት ወደ ዛፉ ሄዱ።